ልጃችሁ «ፍሪጅ ሠሪ ልሁን» ቢላችሁ

መጋቢትና ሚያዝያ በመተማ ምን እንደሚመስሉ ለቆላ ሰው አይነገርም። ከጎንደር ተነስቶ በአይከልና በነጋዴ ባህር አድርጎ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የለበሰውን ጋቢ ገንዳ ውሃ ሳይደርስ አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። መተማ ዮሐንስ ሲገባ ከ1000 ሜትር በታች ወርዷል። የሙቀት መለኪያው በእነዚያ ወራት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ማንም አይገረምም። አልጋ ወደ ደጅ ይወጣል፣ የውሃው ጋን በእርጥብ ጆንያ ይጠቀለላል፣ ሕፃናት ሌሊቱን ሲነጫነጩ ያድራሉ።

በዚህ ቆላ ዕድሜዬን የጨረስኩት በነርስነት ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ወርጄ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስከትብ፣ ሳዋልድና የወባ በሽተኛ ሳስታምም ኖሬአለሁ። አሁንም «ሲስተር» እያሉ ደጄን የሚያንኳኩ አሉ። ድሮ የሚጠይቁኝ ስለ ትኩሳትና ስለ ተቅማጥ ነበር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ጥያቄው ተለውጧል። «ልጄ 12ኛን አላለፈም፤ ምን ላድርገው?» ይሉኛል።

ጥያቄው የእኔንም ቤት አንኳኩቷል። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሙያ ነው፤ ስለ ማቀዝቀዣና አየር ማቀዝቀዣ ጥገና፣ በሰፈር ቋንቋ ስለ «ፍሪጅ ሠሪነት»።

ውጤቱ ከመጣ በኋላ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ የሆነው በጥር 2015 ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኞች 3.3 ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 5.4 ሆነ። እነዚህ ቁጥሮች ለጋዜጣ ዜና ናቸው፤ ለወላጅ ግን ጓዳ ውስጥ ተኮራምቶ የተኛ አንድ ልጅ ናቸው። የእኛ ቤቱ የልጄ ልጅ ነበር።

መተማ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይተውም። ደላላ ያገኘዋል። ይህ መንገድ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ የሚወስድ መሆኑን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ መንገድ የተመለሱ ልጆችን በሙያዬ አክሜአለሁ፤ ያልተመለሱትን ደግሞ ከእናቶቻቸው ጋር አልቅሼአለሁ። የልጄ ልጅም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሲመካከር እንደ ከረመ የሰማነው ዘግይተን ነው። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ሰው በተቃራኒው ወደ እኛ ይጎርፍ ጀመር። ያን ጊዜ የልጆቹ ምክር ተበተነ።

ከዚያ በኋላ አንድ ማታ፣ «እምዬ፣ ፍሪጅ መሥራት ልማር» አለኝ። አባቱ አጠገባችን ነበር። «ለዚህ ነው 12 ዓመት ያስተማርኩህ? ካቻቢቴ ይዘህ ሰው ቤት ልታንኳኳ?» አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም በሙያ ዘመኔ ሁሉ የጠበቅኩት ባለሙያ ይህ ነበርና።

ቅዝቃዜ ለጤና ጣቢያ ምን ማለት ነው

የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ያለ ማንኛውም ክትባት ሰጪ ሁለት ቁጥሮችን እንደ ጸሎት ያውቃል፤ 2 እና 8። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የፖሊዮ ጠብታና የኩፍኝ ክትባት ሙቀት ይጎዳቸዋል። ፔንታቫለንትና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ደግሞ ከረጉ ይበላሻሉ። ስለዚህ ማነስም መብዛትም ጉዳት ነው።

ክትባት ብቻ አይደለም። እናት ከወለደች በኋላ ደም እንዳይፈስሳት የምንወጋት ኦክሲቶሲን በሙቀት ኃይሉን ያጣል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው። የእኛን ቆላ የሰሊጥ ሠራተኛ የሚጨርሰው ካላዛር ከሚታከምባቸው መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አምቢዞም ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት መቀመጥ አለበት። በሚያዝያ በመተማ 25 ዲግሪ በራሱ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በመሣሪያ የሚሠራ ነው።

በአንድ ጤና ጣቢያ ያየሁትን ልንገራችሁ። የክትባቱ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ አቆመ። በልምድ የሚሠራ ሰው ተጠርቶ መጣና «ጋዙ አልቋል» ብሎ ሞላ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ሆነ፤ ደግሞ ሞላ። በሦስተኛው ቴርሞስታቱን አልፎ ሽቦውን በቀጥታ አገናኘውና «አሁን አያስቸግራችሁም» ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው፤ ሞተሩ አላቆመም። በማግስቱ ጠዋት ስንከፍተው ፔንታው በረዶ ሆኗል። ያን ቀን ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ እናቶች ሳይከተቡ ተመለሱ። ከመካከላቸው ዳግመኛ ያልመጡ ነበሩ።

ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ያልተማረውን ነገር ግን እየሠራ ነበር። ፍሪጅ ጋዝን እንደ መኪና ቤንዚን አይጨርስም። ጋዙ በዝግ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ይኖራል፤ ካነሰ የሆነ ቦታ አምልጧል ማለት ነው። ቀዳዳውን ፈልጎ ሳይደፍኑ መሙላት፣ ቁስሉን ሳያጥቡ ፋሻ እንደ መቀያየር ነው። እናንተም ቤት «ጋዝ ልሙላ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ «ቀዳዳው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሙያው ምንድን ነው?

ለልጁ አባት ያስረዳሁት በስፒሪት ነው። መርፌ ከመውጋታችን በፊት ክንድ ላይ በጥጥ ስፒሪት ስንቀባ ቦታው ይቀዘቅዛል። ስፒሪቱ ሲተን የቆዳውን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። የእኛ ጋንም ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ በገላው አልፎ የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይወስዳል። ፍሪጅና ኤሲም ከዚህ የተለየ ጥበብ የላቸውም። ቅዝቃዜ አይፈጥሩም፤ ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ ያወጣሉ። ፈሳሹ በውስጠኛው ቱቦ ተንኖ ሙቀቱን ይጠጣል፣ ኮምፕረሰሩ እንደ ልብ ይገፋዋል፣ በውጭ ባለው ቱቦ ሙቀቱን ተፍቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፣ በቀጭን ቱቦ አልፎ ይመለሳል። ልብ፣ ደም ሥር፣ ላብ። ነርስ በቀላሉ ይገባታል።

ደግሞስ ይህ ሙያ ከሕክምና የራቀ ማን አለው? ጆን ጎሪ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በፍሎሪዳ አፓላቺኮላ በምትባል ሞቃትና ወባማ የወደብ ከተማ ይሠራ ነበር። በትኩሳት የሚቃጠሉ በሽተኞቹን ለማቀዝቀዝ ከሰሜን በመርከብ የሚመጣ በረዶ ከጣሪያ ላይ ያንጠለጥል ነበር። የበረዶ መርከቡ አስተማማኝ ስላልነበር በረዶ የሚሠራ ማሽን ፈለሰፈ፤ በ1851 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ገንዘብ ሳያገኝበት በ1855 ሞተ። የዘመኑ ኤሲ የሚባለውን ደግሞ ዊሊስ ካሪየር በ1902 እ.ኤ.አ. ለአንድ የኒውዮርክ ማተሚያ ቤት ነደፈው፤ በእርጥበት የሚለጠጠው ወረቀት ቀለሙን እያዛባ ስላስቸገረ። ለሰው ምቾት የዋለው ቆይቶ ነው። የሙያው አንዱ ሥር ግን በወባማ ቆላ የተቸገረ ሐኪም ነው። ይህን ስነግረው ልጄ ዝም ብሎ አዳመጠኝ፤ አልተስማማም፤ ግን ካቻቢቴ የሚለውን ቃል አልደገመም።

መንገዱ እንዲህ ነው

ወላጆች ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃሉ፤ ሥልጠናን፣ የብቃት ማረጋገጫንና የንግድ ፈቃድን። ለየብቻቸው ልንገራችሁ።

ሥልጠናው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይሰጣል፤ ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 5 ናቸው። የሚመደበው በ12ኛ ክፍል ውጤት ሲሆን የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይወሰናል። ሁሉም ኮሌጅ ሁሉንም ሙያ አይሰጥም። ስለዚህ ከምዝገባ በፊት ኮሌጁን «የማቀዝቀዣና አየር ማቀዝቀዣ ክፍል አላችሁ? ወርክሾፑ ውስጥ የሚሠራ ቫኪዩም ፓምፕና የግፊት ጌጅ አለ? ልጁ በእጁ ይነካዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መርሁ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ የሚል ነው። የትብብር ሥልጠና የሚባልም አለ፤ ሠልጣኙ ወደ ድርጅት ወይም ወደ ጥገና ቤት ተልኮ በሥራ ላይ ይማራል። ልጁ ወዴት እንደሚላክ አስቀድማችሁ እወቁ። ቡና ሲያመላልስና ወለል ሲጠርግ የሚከርምበት ቦታ አለ፤ ኮምፕረሰር የሚያስፈታ ቦታም አለ።

ሁለተኛው የብቃት ምዘና ነው፤ ሰዉ «ሲኦሲ» ይለዋል። መዛኙ ካሠለጠነው ኮሌጅ የተለየ ነው። የጽሑፍ ፈተናና የተግባር ፈተና አለው፤ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ጥሩ ነገር አለ። ምዘናው የሚጠይቀው ዕውቀቱ ያለ መሆኑን ነው፤ ከየት እንደተገኘ አይደለም። ስለዚህ በአጎቱ ሱቅ 10 ዓመት ፍሪጅ ሲጠግን የኖረ ሰውም ተመዝኖ ወረቀቱን ሊያገኝ ይችላል። በየከተማችን ያሉ ጎበዝ የልምድ ሠሪዎችን ወደዚህ ምዘና ግፉአቸው።

ሦስተኛው የንግድ ፈቃድ ነው። ልጁ ተቀጥሮ ከሠራ አያስፈልገውም። የራሱን ጥገና ቤት ሲከፍት ግን ያስፈልገዋል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። የብቃት ወረቀት «መሥራት ይችላል» ይላል፤ የንግድ ፈቃድ «ሱቅ መክፈት ይችላል» ይላል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

የልጄ ልጅ ጎንደር ሄዶ ተመዘገበ። ወዲያው በክልላችን የተነሳው ግጭት መንገዱን እየዘጋ፣ ትምህርቱን እያቋረጠ አስቸገረን። ወራት ያለ ትምህርት ያለፉበት ጊዜ ነበር። አባቱ «ይመለስ» አለ፤ ልጁ አልተመለሰም። በዚያ ጊዜ አንድ ጥገና ቤት ውስጥ ያለ ደመወዝ ፍሪጅ ሲፈታና ሲገጥም ከርሞ ነበር። የመጀመሪያውን ምዘና አላለፈም፤ የመዳብ ቱቦ ብየዳው አፈሰሰበት። ደውሎ ሲነግረኝ ያለቀሰ መሰለኝ። «ልጄ፣ እኔም ሕፃን ላይ ደም ሥር ማግኘት እስክችል ስንቱን ወግቻለሁ» አልኩት። በሁለተኛው አለፈ።

ደኅንነቱን አትርሱ

የጤና ባለሙያ ስለሆንኩ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ልጃችሁ በዚህ ሙያ ሲገባ የሚከተሉትን ከአፋችሁ ይስማ።

ፈሳሽ ጋዝ ቆዳን ወይም ዓይንን ከነካ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ጓንትና መነፅር ያድርግ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጋዝ ካመለጠ አየሩን ተክቶ ያፍናል፤ በርና መስኮት ይከፈት። በአሁኑ ጊዜ ብዙ የቤት ፍሪጆች የሚሠሩበት አር-600ኤ እና በአንዳንድ ኤሲዎች ያለው አር-290 ተቀጣጣይ ናቸው፤ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ሳያነቡ እሳት መለኮስ አይገባም። የቱቦን ጥብቀት በግፊት ለመፈተሽ ናይትሮጅን እንጂ ኦክስጅን ፈጽሞ አይገባበትም፤ ኦክስጅን ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ኤሌክትሪኩ ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሩ ኃይል ይዞ ይቆያልና ሳያራግፉ በእጅ አይነካም። በመጨረሻም የቆላ ጣሪያ ላይ በቀትር አይወጣም፤ ሥራው ጠዋት ወይም አመሻሽ ይሁን፣ ውሃ አይለየው። በሙቀት ተመትቶ የሚወድቅ ሰው ላብ አቁሞ ሲቀባዥር አይቻለሁ፤ ያ ለሞት የቀረበ ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። አሮጌ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር-12 እና በብዙ ኤሲዎች የሚገኘው አር-22 ወደ ሰማይ ሲለቀቁ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን ይጎዳሉ። ያ ጨረር የቆዳ ካንሰርንና የዓይን ሞራን ያባብሳል። ለዚህ ሲባል በ1987 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። በ2016 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ የተጨመረው ማሻሻያ ደግሞ ምድርን የሚያሞቁትን ቀጣዮቹን ጋዞች ይመለከታል። ጋዙን በሲሊንደር ሰብስቦ የሚያስቀር እንጂ ወደ አየር የሚለቅ ባለሙያ እንዳይሆን ንገሩት። ጋዞቹ እየተቀየሩ ስለሚሄዱ ትምህርቱም አያልቅም፤ ሐኪም በየጊዜው እንደሚማር ፍሪጅ ሠሪም ይማራል።

ቆላው የሚፈልገው ባለሙያ

በመተማ፣ በገንዳ ውሃ፣ በኮኪትና በአብርሃ ጅራ ፍሪጅ ያለው ሆቴልና ሻይ ቤት ብቻ አይደለም። ፋርማሲው፣ ላቦራቶሪው፣ ባንኩ፣ ሥጋ ቤቱ፣ የቤት እመቤቷ ሁሉ አላቸው። ከጎንደር በሸኸዲ በኩል ወደ ሱዳን የሚያልፈው ትልቅ የኤሌክትሪክ መስመር በላያችን ቢዘረጋም፣ ቤታችን ያለው መብራት ይመጣል ይሄዳል፤ ሲመለስም ኃይሉ ይዋዥቃል። ፍሪጅን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ጥሩ ባለሙያ ከመጠገኑ በፊት ይመክራል፦ ስታብላይዘር ግዙ፤ መብራት ሲመለስ ፍሪጁን ለማስነሳት ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ጀርባውን ከግድግዳ አርቁ፤ ከበስተኋላ ያለውን አቧራ ጥረጉ። ይህ ምክር ምንም አያስከፍልም።

ሌላው የአካባቢ ዕውቀት ነው። ከድንበሩ ማዶ በብዙ ቤት ያለው በውሃ የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ በመጋቢት ደረቅ ሙቀት ግሩም ነው፤ ከኤሲ እጅግ ያነሰ መብራት ይበላል። ክረምት ገብቶ አየሩ ሲረጥብ ግን ውሃው ስለማይተን ክፍሉን ከማወበቅ በቀር አይረዳም። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን የሚነግራችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል። አያቶች ደግሞ «ኤሲ ብርድ ያስመታል» ትላላችሁ። ኤሲ በራሱ በሽታ አያመጣም፤ ሕፃኑ ላይ በቀጥታ እንዳይነፍስ አዙሩት፣ 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ አድርጉት፣ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ አሳጥቡ። አጎበሩን ግን አታውርዱ፤ ወባ ኤሲ አይፈራም።

ሴት ልጅስ? ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ እኔ ሴት ሆኜ በጨለማ ከመንደር መንደር ለማዋለድ ስሄድ «ይህ የሴት ሥራ አይደለም» ያለኝ አልነበረም። ቱቦ መበየድና ቴስተር ማንበብ የእጅ ጥንቃቄና ትዕግሥት ይፈልጋል። ደግሞም ባልዋ ቤት በሌለበት ወንድ ጠጋኝ ማስገባት የምትሳቀቅ የቤት እመቤት ለሴት ባለሙያ በሯን ትከፍታለች። ገበያውም እዚያ አለ።

ለወላጆች የምለው

ልጃችሁ ይህን ሙያ ቢጠይቃችሁ በመጀመሪያ ከአንድ ጥገና ቤት አንድ ወር ያውሉት። እጁ የሚሠራ፣ የማይሰለች፣ ለምን ቆመ ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ላኩት። ሙቀትና ከፍታ የሚፈራ፣ ሒሳብ ፈጽሞ የማይወድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሙያ ፈልጉለት። ለደላላ ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ገንዘብ ቆጥሩት፤ ኪያቤ፣ ፒንሳ፣ ጌጅና ቴስተር ሲገዛ ስንቱ እንደሚተርፍ ታያላችሁ። የአገር ሽማግሌ ፊት «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው» ማለት ደስ ይላል። «ልጄ ከጎኔ ነው፣ በእጁ ሥራ ይበላል» ማለትም እንዲሁ ነው።

የልጄ ልጅ አሁን በገንዳ ውሃ ከሌላ ልጅ ጋር ተከራይቶ ይሠራል። ገቢው ሙሉ አይደለም፤ ክረምት ላይ ሥራው ይቀዘቅዛል፣ ዕቃ ከጎንደር እስኪመጣ ደንበኛ ይቆጣል፣ አባቱም እስካሁን «ዲግሪውን በማታ ይማር» እያለ ነው። ይማር። ባለፈው ወር ግን አንድ ጤና ኬላ ፍሪጅ ቆሞበት ጠርተውት ሄደ። ሲመለስ ስንት እንደከፈሉት አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ዲግሪ ላይ ተውከው?»

«አምስት ላይ፣ እምዬ» አለኝ።